ግሬደሩ የመንግሥት ቢሆንስ?

በአዲስ አበባ ጎፋ ገብርኤል ወይም ጎፋ መብራት ኃይል አካባቢ የመንገድ ሥራ ሲጀመር ግሬደርና ሎደር ከቤት መኪና ጋር ጠባብ መንገድ ይጋፋሉ። የግሬደሩ ምላጭ ስፖኪዮ ገንጥሎ ወይም በር ፍቆ ሲያልፍ ብዙው ሰው «መንግሥትን ማን ይከሳል?» ብሎ ከኪሱ ያሠራል።

ሕጉ ግን እንዲህ አይልም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2126፣ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራ ጥፋት ጉዳት ካደረሰ ተጎጂው ካሣውን ከመንግሥት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል፤ መንግሥትም የከፈለውን ከሠራተኛው ማስመለስ ይችላል። አንቀጽ 2081 ከዚህም ይሻገራል፦ የማሽን ወይም የተሽከርካሪ ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ንብረቱ ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። ስለዚህ መጀመሪያ መጣራት ያለበት ማሽኑ የማን እንደሆነ ነው፤ የአዲስ አበባ ከተማ መንገዶች ባለሥልጣን ነው ወይስ የሥራ ተቋራጭ? ባለመኪናው ራሱ ጥፋት ካለበት፣ ለምሳሌ ክልክል ቦታ አቁሞ ከሆነ፣ ካሣው ሊቀነስበት ይችላል።

ዋናው ማስረጃ እዚያው ቦታው ላይ ነው የሚያዘው። መኪናው ሳይነሣ ትራፊክ ፖሊስ ጠርቶ ፕላን ማስነሣት፣ የማሽኑን ታርጋ ወይም የጎን ቁጥር ፎቶ ማንሣት፣ ከዚያም የጋራዥ ፕሮፎርማ አያይዞ ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ማመልከትና የገቢ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ማስቀረት ይገባል። «እናሠራልሃለን» የሚል የቃል ተስፋ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ካሣ የመጠየቂያው ጊዜም ገደብ አለው። በኒው ዮርክ የከተማው በረዶ ጠራጊ መኪና የገጨበት ሰው ጥያቄውን በ90 ቀን ውስጥ ማስገባት አለበት። በእኛ ሕግ አንቀጽ 2143 መሠረት ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ደብዳቤ እየተመላለሰ ይህ ጊዜ እንዳያልፍ ቀኑን ዛሬውኑ ይመዝግቡ።