ነጭ የደም ሕዋሳትን መንገድ ስለሚመራው ተቀባይ

ጣት በእሾህ ሲወጋ ነጭ የደም ሕዋሳት ጠላት ከገባበት ስፍራ ሳይስቱ የሚደርሱት በማን መሪነት እንደ ሆነ መመርመር የተገባ ነው። የተጎዳው ሥጋ ኬሞካይን የሚባሉ ጥቃቅን ፕሮቲኖችን ያወጣል፤ እነዚህም በቁስሉ አጠገብ በዝተው፥ ከርሱ በራቁ መጠን እያነሱ ይገኛሉ። የሕዋሱ ተቀባይ ሽፋኑን ሰባት ጊዜ ወግቶ እንደሚያልፍ ክር ሆኖ፥ ከውጭ ያገኘውን መልእክት ወደ ውስጥ ያደርሳል፤ ሕዋሱም ኬሞካይኑ ወደ በዛበት ወገን ይጓዛል። ተቀባዩም ብዙ ዓይነት ነው፤ ሲሲአር7 ወደ ንፍፊት ሲመራ፥ ሲሲአር5 ሕመም ወደ በረታበት ስፍራ ይመራል።

ነገር ግን ይኸው ሲሲአር5 ለኤች አይ ቪ መግቢያ በር መሆኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. ታወቀ። በዚያው ዓመት ደግሞ የተቀባዩን ዘረ መል 32 ፊደላት ጎድለውት ከአባትም ከእናትም የወረሱ ሰዎች ቫይረሱን እጅግ እንደሚቋቋሙ ተገለጠ። እንዲህ ያሉት በሰሜን አውሮፓ ተወላጆች ዘንድ ከመቶ አንድ ያህል ሲሆኑ፥ በአፍሪካ እጅግ ብርቅ ናቸው።

ቲሞቲ ሬይ ብራውን የተባለው አሜሪካዊ ኤች አይ ቪ በደሙ ሳለ የደም ካንሰር ስለ ያዘው፥ የበርሊን ሐኪሞች በ2007 ዓ.ም. ይህ ተቀባይ ከሌለው ሰው የደም መፍለቂያ ሕዋሳት ወስደው ሰጡት። በ2020 ዓ.ም. ካንሰሩ ተመልሶበት ዐረፈ እንጂ ቫይረሱስ አልተመለሰበትም።

ሆኖም መሪውን ማጣት ያለ ዋጋ አይደለም፤ ሲሲአር5 የሌላቸው ሰዎች የዌስት ናይል ቫይረስ ሲይዛቸው ሕመሙ የመጽናቱ ነገር ከሌላው ሰው ይበልጣል።