አሮጌ እንጨት ለጓሯችን

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የይፋት ቆላ ከተማ ናት። ሙቀቷ ብርቱ ነው። በአካባቢዋ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ማንጎና ፓፓያ ይለማል። ጓሮ ያለው ሰው ደግሞ እንጨት ይፈልጋል። የችግኝ መደርደሪያ፣ አጥርና አግዳሚ ወንበር ከእንጨት ይሠራሉ።

ታዲያ ለዚህ ሁሉ ዛፍ እንቁረጥ? ግራርና ቁርቁራ በቆላ ጥላችን ናቸው። ዛፍ ለመቁረጥ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ለመተካት ግን ዓመታት ይፈጃል። በሌላ በኩል ቤት ሲፈርስ ወራጁና በሩ ይወድቃል። ግንባታ ሲያልቅ የባሕር ዛፍ አጣና ይተርፋል። በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ ስሙ የታወቀው እኮ ሌላው የጣለውን አድሶ በመሸጥ ነው። እኛም በአሮጌ እንጨት መሥራት እንችላለን። ሦስት ነገር ግን እንጠንቀቅ።

አንደኛው ምሥጥ ነው። ምሥጥ ብርሃንና ደረቅ አየር አይወድም። ከመሬት ተነሥቶ የጭቃ መተላለፊያ እየሠራ፣ ተሸሽጎ እንጨቱን ይበላል። አፈር ውስጥ የተተከለ እግር ለምሥጥ የተከፈተ በር ነው። ስለዚህ የመደርደሪያውንና የወንበሩን እግር በጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም በብሎኬት ላይ እናስቀምጥ። ያን ጊዜ ምሥጡ በድንጋዩ ላይ ጭቃ እየለጠፈ ሲወጣ እናየዋለን። በየሳምንቱ እያየን እንጥረገው። ስንመታው ባዶ ድምፅ የሚሰጥ እንጨት ውስጡ ተበልቷልና እንተወው።

ሁለተኛው ሚስማር ነው። ሳንቃውን ከመቁረጣችን በፊት ሚስማሩን ሁሉ እንንቀል፤ ሰብስበንም ልጆች ከማይደርሱበት እናስቀምጥ። ሚስማር ከወጋን መንጋጋ ቆልፍ የሚባለው በሽታ ሊይዘን ይችላል። ቁስሉን በውሃና በሳሙና አጥበን ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ።

ሦስተኛው መርዝ ነው። ምሥጥ እንዳይበላው ኬሚካል የጠጣ የመብራት ወይም የስልክ ምሰሶ ጎመን በምንተክልበት መደብ ዙሪያ አይሁን። ለማገዶም አይሁን፤ ጢሱ ይጎዳል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም አትክልት አጠገብ አንቀባ።

ከውጭ አገር ዕቃ የሚጫንበት የእንጨት ርብራብ ፓሌት ይባላል። በ1994 ዓ.ም. በወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት በላዩ ምልክት ይታተምበታል። የስንዴ ዛላ ሥዕልና የላቲን ፊደላት አሉበት። "ኤች" የሚባለው ፊደል በአንድ አግዳሚ የተያያዙ ሁለት ምሰሶዎች ይመስላል። "ቲ" ደግሞ አናቱ ላይ አግዳሚ የተጫነበት አንድ ምሰሶ ነው። ሁለቱ አብረው ካሉ እንጨቱ ከተባይ የጸዳው በሙቀት ነው፤ እስከ መካከሉ 56 ዲግሪ ደርሶ 30 ደቂቃ ቆይቷል። "ኤም" እና "ቢ" ከተጻፈበት ግን በመርዝ ጋዝ የታጠነ ነው። እሱን ለጓሮ አናምጣ።

እንግዲህ ንባብ በመጽሐፍ ላይ ብቻ አይደለም። እንጨቱንም አንብበን እንምረጥ።