ምሰሶ ለምን በመሬቱ ልክ ይበሰብሳል?

በገረሴና በዙሪያው ባለው የጋሞ ደጋ በልጉም ክረምቱም ዝናብ አያጣም። እንዲህ ባለ አገር አሮጌ የጭቃ ቤት ሲፈርስ የቋሚውን እንጨት ልብ ብሎ ማየት ነው። ማገር የያዘው የላይኛው ክፍል ደህና ነው። ጠልቆ የተቀበረው ጫፍም ብዙ ጊዜ ብዙ አልተጎዳም። ክፉኛ የተበላው በመሬቱ ልክ፣ ስንዝር ያህል ከፍና ዝቅ ብሎ ያለው ወገቡ ነው።

እንጨት የሚያበሰብሰው ውሃው ራሱ አይደለም፤ የእንጉዳይ ወገን የሆነው ፈንገስ ነው። ፈንገስ ምግብ፣ ውሃና አየር ይፈልጋል፤ ምግቡ እንጨቱ ነው። በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች ሲሆን መብላቱን ያቆማል። ወደ 30 በመቶ ሲደርስ ይመቸዋል። ውሃው ቀዳዳውን ሁሉ ሞልቶ አየር ሲያሳጣው ደግሞ መልሶ ይቆማል። በመሬቱ ልክ ግን እርጥበቱም አየሩም አሉ።

አየር ማጣት እንጨትን እንዴት እንደሚያቆይ ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ፦ ቫሳ የተባለችው የስዊድን የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. በ1628 ስቶክሆልም ወደብ ላይ ሰጥማ በ1961 ስትወጣ አብዛኛው አካሏ ሳይፈርስ የተገኘው ከባሕሩ በታች አየር ስላነሰ፣ ጨው ባነሰው በዚያ ውሃም እንጨት የሚቦረቡር የባሕር ትል ስለማይኖር ነው። ዋናው ችግር የመጣው ከወጣች በኋላ ነው፤ ስትደርቅ እንዳትሰነጣጠቅ 17 ዓመት ኬሚካል ሲረጭባት ኖረ።

ባለ ሸራ ጀልባ ያላቸው ሰዎችም የመበስበስን ጣጣ ያውቁታል። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚበሰብሰው ማዕበል የሚመታው የውጭ ገላ ሳይሆን የውስጡ አልጋ፣ ቁምሳጥንና ወለል ነው። በመስኮት ጠርዝና በብሎን ቀዳዳ የሚሰርገው የዝናብ ውሃ ጨው የለውም፤ ጨው ደግሞ ፈንገስን ያዳክማል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካውያን መርከብ ሠሪዎች በመርከቡ ጎድኖች መካከል ጨው ይጠቀጥቁ የነበረው ለዚህ ነው።

የእኛም ቤት ከዚህ አይለይም። የቆርቆሮው ምስማር ሲላላ ውሃው ወራጁን ያርሳል፣ ከዚያ ኮርኒሱን። ኮርኒሱ ቺፑድ ከሆነ መጠገኑን መርሳት ነው፤ አንዴ ካበጠ አይመለስም፣ ነቅሎ መጣል ይሻላል። ጠንካራ እንጨት ከሆነ ግን በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ጫን ማድረግ ነው፤ ያለ ችግር ከገባ አልቋል። ቡናማ ሆኖ በትናንሽ አራት ማዕዘን ከተሰነጣጠቀ ፈንገሱ ሴሉሎሱን በልቶ ሊግኒኑን ትቶታል ማለት ነው። ቀጫጭን ክሮቹ ዓይን ከሚያየው ጉዳት አልፈው ስለሚሄዱ፣ ሲቆረጥም ከደህናው ጨመር አድርጎ መቁረጥ ያስፈልጋል።

ለሳንቃ መቀጠያ የጀልባ አናጺዎች ዘዴ ጥሩ ነው፦ ጫፎቹን በሰያፍ ቆርጦ ማጣበቅ። ሰያፉ የውፍረቱን 8 እጥፍ ያህል ይሁን፤ 2 ሳንቲሜትር ለሚወፍር ሳንቃ 16 ሳንቲሜትር ማለት ነው። የሚቀጠለው እንጨት የደረቀ መሆን አለበት። ትናንት የተቆረጠ ባህር ዛፍ ማስገባት ለፈንገሱ ምግቡንም ውሃውንም አዘጋጅቶ መስጠት ነው። ከተገኘ የጥድ ቀይ ልብ ይመረጣል፤ ነጩ ውጫዊ ክፍሉ ግን ያን ያህል አይቆይም። የተቃጠለ ዘይት መቀባት በየቦታው የተለመደ ቢሆንም እኔ አልመክረውም፤ ወደ ውስጥ ብዙ አይዘልቅም፣ አፈሩንም ይበክላል።

በዚሁ ደጋ የሚኖሩት ዶርዜዎች መፍትሔያቸው ሌላ ነው። እስከ 12 ሜትር ከፍ ብሎ ከቀርከሃ የሚታነጸው ቤታቸው እግሩን ምስጥ ሲበላው የተበላው ይቆረጣል፣ ቤቱም ያጥራል። ካስፈለገም በሰው ኃይል ተነሥቶ ሌላ ቦታ ይተከላል። ቤታቸው በዚህ ሁኔታ አሥርት ዓመታት ይዘልቃል።

አዲስ ቋሚ የምታቆሙ ሰዎች ግን አፈር ውስጥ አትቅበሩት። ከመሬት ከስንዝር በላይ ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ አቁሙት፤ የጣሪያውንም ምስማር በልግ ሳይገባ አስፈትሹ።