ስለ ፋልኮን መርከብ አገልግሎትና ከሰመጠ ሰርጓጅ መርከብ ሰው ስለማውጣት ዘዴ

በባሕር ላይ የምትሄድ መርከብ አደጋ ሲደርስባት በውስጧ ያሉት ሰዎች በጀልባ ወይም በዋና ነፍሳቸውን ለማዳን ይሞክራሉ። ሰርጓጅ መርከብ ግን በሰመጠች ጊዜ በሕይወት የቀሩት መርከበኞች መዝጊያውን ከፍተው መውጣት አይችሉም፤ የውሃው ክብደት ከላይ ተጭኖ ይይዘዋልና። በ74 ሜትር ጥልቀት በአንድ ካሬ ሳንቲሜትር ላይ ከ7 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ የውሃ ጫና ያርፋል። ስለዚህ እነዚህን ሰዎች ለማዳን ለዚሁ ሥራ የተሰናዳች ሌላ መርከብ ከበላያቸው መቆም ያስፈልጋታል። ከእንደነዚህ ዓይነቶቹ መርከቦች መካከል ስሟ የታወቀው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ፋልኮን ናት። የአገልግሎቷን ታሪክ መመርመር የሰው ሕይወት የሚድነው አደጋ በደረሰበት ቀን ብቻ ሳይሆን ከዚያ አስቀድሞ በተደረገ ልፋት መሆኑን ያስረዳል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ የተሰጠው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ፋልኮን በመጀመሪያ የታነጸችው ለሕይወት አድን ሥራ አልነበረም። ርዝመቷ 57 ሜትር የሆነ የባሕር ፈንጂ ጠራጊ ስትሆን፥ አገልግሎት የጀመረችውም ኖቬምበር 12 ቀን 1918፥ ማለት የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በቆመ ማግሥት ነው። በ1919 በሰሜን ባሕር ተዘርቶ የነበረውን ፈንጂ ከጠረጉት መርከቦች ጋር ሠራች። ከዚያ በኋላ የሰመጡትን መርከቦች ወደ ማንሳት ሥራ ተዛወረች።

በሴፕቴምበር 1925 ኤስ-51 የተባለችው ሰርጓጅ መርከብ ከአንዲት የመንገደኞች መርከብ ጋር ተጋጭታ ስትሰምጥ 33 ሰዎች ሞቱ፤ የዳኑት 3 ብቻ ነበሩ። የፋልኮን ጠላቂዎች በኤድዋርድ ኤልስበርግ መሪነት 40 ሜትር ያህል እየወረዱ ሠርተው በጁላይ 1926 መርከቢቱን አነሷት። ይህ በምሕንድስና በኩል ታላቅ ሥራ ነበር፤ ነገር ግን የወጣው ሬሳ እንጂ ሕይወት አልነበረም።

ከዚህ የባሰው ሐዘን በዲሴምበር 17 ቀን 1927 ደረሰ። ኤስ-4 የተባለችው ሰርጓጅ መርከብ በማሳቹሴትስ ጠረፍ አጠገብ ተገጭታ ሰመጠች። በማግሥቱ ከፋልኮን የወረደው ጠላቂ ቶማስ ኢዲ የመርከቢቱን ብረት ሲመታ ከውስጥ የመዶሻ ድምፅ መለሰለት፤ በፊተኛው የቶርፔዶ ክፍል 6 ሰዎች በሕይወት ነበሩ። ጥልቀቱ ከ30 ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ነገር ግን ማዕበል ተነሣ፤ የአየር ቱቦ ለመቀጠል የተደረገው ሙከራም አልተሳካም። ከሁሉም በላይ ሰዎቹን የሚያወጣ መሣሪያ ከቶ አልነበረም። ስድስቱ ሰዎች በብረቱ ላይ በማንኳኳት እየተነጋገሩ አየር አልቆባቸው ሞቱ። በዚህ አደጋ ያለቁት ሰዎች ቍጥር 40 ነው።

የኤስ-4 ሞት በአሜሪካ ሕዝብ ዘንድ ብርቱ ቍጣ አስነሣ፤ ባሕር ኃይሉም መርከቢቱን በማርች 1928 ካነሣ በኋላ የሕይወት ማዳኛ ዘዴዎች መሞከሪያ አደረጋት። የስድስቱ ሰዎች መቃብር የነበረችው መርከብ ለሌሎች መዳኛ የሚፈለግባት ቤተ ሙከራ ሆነች። ፋልኮንም በእነዚህ ዓመታት ጠላቂዎች የሚሠለጥኑባትና መሣሪያዎች የሚፈተኑባት ሆና አገለገለች፤ በ1929 የሰርጓጅ መርከብ አዳኝ የሚል ማዕረግ ተሰጣት። ከሙከራው ሁለት ነገሮች ተገኙ። አንዱ መርከበኛው በአፉ ይዞ እየተነፈሰ ወደ ላይ የሚወጣበት፥ በቻርልስ ሞምሰን ስም የሚጠራው ከረጢት ነው። ሁለተኛው ሞምሰን ያሰበውና አለን ማካን በ1930 ፍጻሜ ያደረሰው የማዳኛ ደወል ነው።

የደወሉ አሠራር እንደሚከተለው ነው። ደወሉ በሁለት ክፍል የተከፈለ የብረት ቤት ሲሆን፥ ሰዎቹ የሚቀመጡት በላይኛው ክፍል ነው። አስቀድሞ አንድ ጠላቂ ወርዶ በሰመጠችው መርከብ መዝጊያ ላይ የሽቦ ገመድ ያስራል። የገመዱ ሌላ ጫፍ በደወሉ ታችኛ ክፍል ባለው መጠቅለያ ላይ ይታሰራል። ደወሉ በውስጡ አየር ስላለበት ይንሳፈፋል፤ መጠቅለያው ገመዱን ሲሰበስብ ግን ራሱን እየጎተተ ይወርዳል። ግርጌው በጎማ የተከበበ ስለሆነ በመዝጊያው ዙሪያ በተሰናዳው ልስልስ ብረት ላይ ይቀመጣል። ከዚያ የታችኛውን ክፍል ውሃ በታመቀ አየር ያስወጡና የአየሩን ግፊት ይቀንሱታል። ያን ጊዜ የውጭው ባሕር ራሱ ደወሉን ተጭኖ ከመርከቢቱ ጋር ያጣብቀዋል። በዚህ አኳኋን መዝጊያውን እንዳይከፈት አድርጎ የያዘው የውሃ ጫና ለማዳኑ ሥራ ረዳት ይሆናል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ልፋት የተፈተነው በሜይ 23 ቀን 1939 ነው። ስኳለስ የተባለችው አዲስ ሰርጓጅ መርከብ 59 ሰዎች ይዛ በኒው ሃምፕሽር ጠረፍ አጠገብ ለሙከራ ስትሰርጉ፥ ለሞተሮቹ አየር የሚያስገባው ትልቅ ቧንቧ ሳይዘጋ ቀርቶ ኋለኛ ክፍሎቿ በውሃ ተሞሉ፤ ከጧቱ 2 ሰዓት ከ40 ገደማ 74 ሜትር ያህል ወርዳ ተቀመጠች። 26 ሰዎች ሞቱ፤ 33 ሰዎች ግን በፊተኛው ወገን በሕይወት ቀሩ።

ፋልኮን ከኒው ለንደን ተነሥታ በማግሥቱ ንጋት ደረሰች። ደወሉ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ መርከቢቱ መወዛወዝ ስለማይገባት በአራት መልሕቆች ተወጥራ ቆመች። ማርቲን ሲቢትስኪ የተባለው ጠላቂ ወርዶ ገመዱን አሰረ። ደወሉም በመጀመሪያው ጉዞ 7፥ በሁለተኛው 9፥ በሦስተኛው 9 ሰዎች አወጣ። በአራተኛው ጉዞ የቀሩትን 8 ሰዎች ይዞ ሲመለስ ገመዱ ተያዘ፤ የሚስበውም ሽቦ ክሮቹ መበጣጠስ ጀመሩ። ደወሉን እንደገና ወደ ባሕሩ ወለል ካወረዱት በኋላ፥ በፋልኮን ላይ የነበሩት ሰዎች በእጃቸው ቀስ በቀስ እየጎተቱ ከእኩለ ሌሊት በኋላ አወጡት። መርከቢቱ ከሰመጠች 40 ሰዓት ያህል ሆኖ ነበር። በነጋታው ደወሉ አምስተኛ ጊዜ ወደ ኋለኛው ክፍል ወረደ፤ ነገር ግን ክፍሉ በውሃ ተሞልቶ ተገኘ። ለዚህ ሥራ አራት ጠላቂዎች፥ ማለት ባደርስ፥ ክራንዳል፥ ማክዶናልድና ሚሃሎውስኪ የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ ተሸለሙ።

ይሁን እንጂ ዘዴው ሁሉን የሚያድን አይደለም። በጁን 1941 ኦ-9 የተባለችው አሮጌ ሰርጓጅ መርከብ ከ33 ሰዎች ጋር በዚያው አካባቢ 134 ሜትር ጥልቀት ሰመጠች። ፋልኮን ለእርዳታ ከሄዱት መርከቦች አንዷ ነበረች፤ ሆኖም ኦ-9 የተሠራችው 61 ሜትር ያህል ብቻ እንድትወርድ ስለነበረ የውሃው ጫና አካሏን ሰባብሮት ነበር። ደወል ሊጠቅም የሚችለው ውሃ ያልገባበት ክፍልና በውስጡም በሕይወት ያለ ሰው ሲገኝ ብቻ ነው።

ፋልኮን በ1946 ከአገልግሎት ወጣች፤ በ1947ም ተሸጠች። የኤስ-4ንና የስኳለስን አደጋ ስናስተያይ የመጀመሪያዪቱ በጥልቀት ከግማሽ በታች ሆና ሳለ ከመርከበኞቿ አንድ ሰው አልዳነም። ወደ ሁለቱም የሄደችው መርከብ ያችው ፋልኮን ነበረች፤ የጠላቂዎቹም ድፍረት በሁለቱም ጊዜ አላነሰም። ልዩነቱ በመካከሉ ባለፉት 11 ዓመታት የተደረገው ሙከራ ነው። ድፍረት ያለ መሣሪያ ስድስቱን ሰዎች ከማንኳኳት አላዳናቸውም፤ መሣሪያውም ቢሆን አስቀድሞ ተፈትኖ፥ መዝጊያዎቹ ለእርሱ ተሰናድተው፥ ሰዎቹም ሠልጥነው ባይቆዩ ኖሮ፥ 33 ሰዎችን ባላወጣም ነበር።