የካራቫን ግድግዳና የከሰል ፍም

እህቶቼ፣ ብርዱ ሲገባ የሪያድ ሰው ወደ በረሃ መውጣት ይወዳል። ቱማማ አካባቢ ድንኳን ይተከላል፣ ካራቫን በመኪና ተጎትቶ ይመጣል። እኛም ዕቃ ጭነን አብረን እንሄዳለን፤ ብዙ ጊዜ ከልጆቹ ጋር የምንተኛው ካራቫኑ ውስጥ ነው።

እኔ በሁለተኛው ዓመቴ እዚያ ልሞት ነበር። ልጆቹ በረዳቸው ተብሎ ፍም የሞላ ማንደጃ ወደ ውስጥ ገባ፣ በሩ ተዘጋ። ሌሊት ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ፣ ወደ ላይ አለኝ። በሩን ስከፍት ጉልበቴ ከዳኝ። ልጆቹን አንድ በአንድ ጎትቼ አወጣኋቸው። ደግነቱ ሁላችንም ተረፍን።

«እናቴ ቤት በከሰል ቡና ሲፈላ ነው ያደግኩት፣ ለምን እዚህ?» ብዬ ነበር። መልሱ ግድግዳው ላይ ነው። የጭቃ ቤታችን በጣሪያውና በግድግዳው መሃል ክፍተት አለው፣ በሩም ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። (እኛም አገር በር ዘግተው ከሰል ያሳደሩ ሰዎች ሞተዋል።) የካራቫን ግድግዳ ግን እንደ ሳንዱች ነው። ውጪው ስስ አሉሚኒየም ወይም ፋይበርግላስ፣ ውስጡ ስስ ኮምፔርሳቶ፣ መሃሉ ደግሞ ፎም፤ ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣውን ነጭ ነገር የመሰለ። ብዙዎቹ ላይ ይህ ሁሉ በሙጫ ተጣብቋል። ውፍረቱ ጥቂት ሴንቲሜትር ቢሆንም አየር አያሳልፍም። ክፍሉም ጠባብ ስለሆነ የከሰሉ መርዝ ቶሎ ይሞላዋል። ይህ መርዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ጭስ የሌለው ቀይ ፍምም ያወጣዋል። ስለዚህ «ጭሱ አልቋል፣ አሁን ይግባ» የሚለው አይሠራም።

ሌላው እሳቱ ነው። ፎም ቶሎ ይቀጣጠላል፣ ጥቁር መርዛማ ጭስ ያወጣል። ከመተኛታችሁ በፊት በሩ ከውስጥ እንዴት እንደሚከፈት፣ የትኛው መስኮት ሰው እንደሚያሳልፍ ሞክሩት። ቁልፉ ውጪ ሰው ጋ እንዳይሆን።

ጽዳት ላይም አንድ ነገር ልበላችሁ። በጋውን ሙሉ ተዘግቶ የከረመ ካራቫን ስትከፍቱ ዓይን ያቃጥላል። ከኮምፔርሳቶው ሙጫ ፎርማልዲሃይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል፣ በሙቀት ይብሳል። አሜሪካ በ2005 ከካትሪና አውሎ ነፋስ በኋላ ሰዎች በእንዲህ ዓይነት ቤት ሲኖሩ ታመምን ብለው፣ በ2008 ሲለካ ብዙ ሆኖ ተገኝቷል። በርና መስኮቱን ከፍታችሁ አናፍሱት፣ ከዚያ ግቡ። ግድግዳው ተቀዶ ጥጥ የመሰለ ነገር ከታየ በእጅ አትንኩት፤ የመስታወት ክር ሊሆን ይችላል፣ ቆዳ ያሳክካል።

ማዳም ከሰል ልታስገባ ካለች በትሕትና «ማዳም፣ ፈሐም ጁዋ ኸጠር» በሏት። ለልጆቿ ብላ ትሰማለች። የሳዑዲ ሲቪል ዲፌንስም ራሱ ከሰል በተዘጋ ቦታ አታንድዱ ይላል። በ2024 ሥራ ላይ የዋለው የቤት ሠራተኞች ደንብ ደግሞ ተስማሚ ማደሪያና በቀን ቢያንስ 8 ሰዓት ያልተቆራረጠ ዕረፍት ይሰጣችኋል፤ ሽርሽር ላይ ናችሁ ተብሎ አይቀርም። አቤቱታ ካላችሁ የሚኒስቴሩ ስልክ 19911 ነው።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ሲጀምራችሁ፣ በተለይ ከጎናችሁ ያለውም ሰው እንደዚያው ካለ፣ ውጡ፤ ልጆቹን አውጡ፤ ሪያድ ውስጥ 911 ደውሉ። ሐኪም ቤት ስትደርሱ «ፈሐም ነበር» ብላችሁ ተናገሩ፤ ካልተናገራችሁ ጉንፋን ነው ብለው ሊመልሷችሁ ይችላሉ።