ታንኮች ያቆዩት መስክ

ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ሲነሣ በብዙዎቻችን አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው የሰው እጅ ያልነካው ጫካ ነው። ቦታው ይታጠር፣ ሰውም ተሽከርካሪም አይግባበት፣ ተፈጥሮ ራሷን ትታደጋለች እንላለን። በቼክ ሪፐብሊክ የሚገኘው የሚሎቪትሴ የቀድሞ የጦር ማሠልጠኛ ታሪክ ግን ይህን እምነት ደግመን እንድንመረምረው ያስገድደናል። በታንክ ሰንሰለት ለዓሥርተ ዓመታት ሲታረስ የኖረው ይህ መሬት የብርቅዬ ዕፅዋትና ነፍሳት መኖሪያ ሆኖ ተገኝቷል። ታንኮቹ ሲወጡ ደግሞ የእነዚያ ፍጥረታት መኖሪያ መጥበብ ጀመረ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

አራት ሠራዊት የተፈራረቀበት ሜዳ

ሚሎቪትሴ ከፕራግ በስተሰሜን ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። የኦስትሪያ ሃንጋሪ ጦር በ1904 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ማሠልጠኛውን ሲያቋቁም የምላዳ መንደር ነዋሪዎች ቀያቸውን እንዲለቁ ተደረገ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሥፍራው የሩስያና የኢጣሊያ ምርኮኞች ሠፈር ነበር፤ ከ5,000 የሚበልጡ ኢጣሊያውያንም እዚያው ተቀብረዋል። ከ1918 በኋላ የቼኮዝሎቫኪያ ጦር፣ ከ1939 ጀምሮ የጀርመን ጦር፣ ከ1945 በኋላ ደግሞ እንደገና የቼኮዝሎቫኪያ ጦር ተረከቡት። በኦገስት 1968 የዋርሶ ቃል ኪዳን አገሮች ቼኮዝሎቫኪያን ሲወርሩ ሚሎቪትሴ በአገሪቱ የሠፈረው የሶቪየት ጦር ዋና መምሪያ መቀመጫ ሆነች። የመጨረሻዎቹ የሶቪየት ወታደሮች በጁን 1991 ሲወጡ ነዳጅ የጠጣ አፈር፣ ያልፈነዱ ጥይቶችና ባዶ ሕንፃዎች ትተው ሄዱ።

ረብሻ የሚሠራው ሥራ

ይሁን እንጂ ያ መሬት ለዘመናት ማዳበሪያም ሆነ ፀረ ተባይ መድኃኒት አልፈሰሰበትም። በዙሪያው ያለው የእርሻ መሬት አንድ ዓይነት ገጽታ ሲይዝ፣ የማሠልጠኛው ሜዳ ግን ዥንጉርጉር ሆኖ ቆየ። ታንክ አንዱን ሥፍራ ገልብጦ ሲያልፍ ሌላው ያርፋል፤ አንዱ ጥግ በእሳት ሲቃጠል ሌላው ያብባል። ጆሴፍ ኮኔል የተባለው ሥነ ምኅዳር ተመራማሪ በ1978 ባቀረበው መላ ምት መሠረት፣ ረብሻ እጅግ ሲበዛ የሚተርፉት ጥቂት ዝርያዎች ናቸው፤ ፈጽሞ ሲጠፋም ጥቂት ብርቱ ዝርያዎች ሌሎቹን አሸንፈው ቦታውን ይይዙታል። ብዙ ዝርያዎች አብረው የሚኖሩት መካከለኛ ረብሻ ባለበት ነው። ይህ መላ ምት ዛሬም ሊቃውንትን የሚያከራክር ቢሆንም፣ የሚሎቪትሴን ሁኔታ ለመረዳት ግን ጥሩ መነሻ ነው።

ከታንክ ሰንሰለት በኋላ የሚቀሩትን ጉድጓዶች እንውሰድ። ዝናብ ሲዘንብ ውኃ ይቋጥራሉ፤ ከሳምንታት በኋላም ይደርቃሉ። ውኃው ስለሚደርቅ ዓሣ አይኖርባቸውም። ትሪዮፕስን የመሰሉ የሸርጣን ዘመድ የሆኑ ትንንሽ ፍጥረታት የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። እንቁላላቸው በደረቅ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ቆይቶ ውኃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። ጉድጓዱን የሚያናውጥ ነገር ሲጠፋ ግን ሣር ይሸፍነዋል፤ መኖሪያነቱም ያበቃል።

ከአንድ ሣር የተነሣ

ከ1991 በኋላ የሆነው እንዲሁ ነው። ረጃጅምና ሸካራ የሣር ዓይነቶች፣ ቀጥሎም ቁጥቋጦዎች፣ ክፍቱን ሜዳ መውረር ጀመሩ። ጉዳቱ በአንድ ሣር ብቻ የሚቆም አይደለም። ጄንቲያና የተባለችው ሰማያዊ አበባ ዘሯ የሚበቅለው ብርሃን በሚያገኝ ገላጣ አፈር ላይ ነው። በእርሷ ላይ ብቻ እንቁላሏን የምትጥል አንዲት ሰማያዊ ቢራቢሮ አለች። የቢራቢሮዋ እጭ ጥቂት ጊዜ ተክሉን ከበላ በኋላ መሬት ይወድቃል፤ ሚርሚካ የተባሉት ጉንዳኖችም ጠረኑ አታሏቸው፣ የራሳቸው ልጅ መስሏቸው፣ ወደ ጎጇቸው ወስደው ይመግቡታል። አበባዋ ከጠፋች ቢራቢሮዋም ትጠፋለች። እንግዲህ ማንም ሳይነካው የቀረ መስክ ማንም ሳያጠፋው ሊጠፋ ነበር።

ከታንኮች በፊት ማን ነበር?

መልሱ የተገኘው ከዚህ ጥያቄ ነው። ጦር ሠራዊት ሳይፈጠር የአውሮፓን ሜዳዎች ክፍት አድርገው ካቆዩት መካከል ትልልቅ ሣር በል እንስሳት ይገኙበታል። ከእነርሱ አንዱ የነበረው የከብቶች አያት የዱር በሬ፣ አውሮክስ፣ በ1627 ፖላንድ ውስጥ ፈጽሞ ጠፋ። የአውሮፓ ጎሽም በ1927 ከዱር ጠፍቶ፣ ዛሬ ያለው መንጋ ሁሉ በእንስሳት ማቆያ ከተረፉ 12 እንስሳት የተወለደ ነው።

በ2015 ከእንግሊዝ ኤክስሙር የመጡ ፈረሶች በሚሎቪትሴ ተለቀቁ። በዚያው ዓመት አውሮክስን እንዲመስሉ በኔዘርላንድስ የተዳቀሉ ከብቶችና ከፖላንድ የመጡ ጎሾች ተከተሏቸው። ፈረሶቹ በክረምት ጭምር ያንን ሸካራ ሣር ይግጣሉ፤ ኮቴያቸውም አፈሩን ይገልጣል። መራራዋን ጄንቲያና ግን እምብዛም አይነኩም። በዚህም ምክንያት አበባዋ እንደገና ተስፋፍታለች፤ ቢራቢሮዋም ተከትላታለች።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ለጦርነት ምስጋና የሚያቀርብ አይደለም፤ ቀዬውን የለቀቀው ሕዝብና የተበከለው አፈር ይህን አይፈቅዱም። ትምህርቱ አንድን ቦታ ለመጠበቅ ከማጠር በፊት በዚያ ምን ሥራ ይሠራ እንደነበር፣ ማንስ ይሠራው እንደነበር ማወቅ እንደሚያስፈልግ ነው። ፈረስ ሁሉን አይተካምና፣ በአንዳንድ የቼክ የቀድሞ ማሠልጠኛዎች ውስጥ ዛሬም ከባድ ተሽከርካሪዎች ሆን ተብለው በጭቃው ላይ ይነዳሉ። ዓላማቸው ግን ውጊያ ሳይሆን ለትሪዮፕስ የሚሆን ኩሬ መቆፈር ነው።