የጓሮ ዶሮ ምንቃር መጣመምና ምክንያቶቹ

የአንድ ቀን ጫጩት ገዝቶ በጓሮ ማሳደግ ለብዙ ቤተ ሰብ የኑሮ መደጐሚያ ነው። ይሁን እንጂ ከጫጩቶቹ መካከል አንዳንዶቹ የላይኛውና የታችኛው ምንቃራቸው እንደ መቀስ ተላልፎ ይገኛል። እንዲህ ያለው ጫጩት እኽል መልቀም ስለሚሳነው ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ቀርቶ ይከሳል። ባለቤቱም የከፈለው ዋጋና ያወጣው መኖ በከንቱ ይቀርበታል። በዚህ ጊዜ ገዢው ሻጩን፣ ሻጩም የገዢውን አመጋገብ መውቀሱ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ፍርድ ከመስጠት በፊት ምክንያቱን ለይቶ ማወቅ ያሻል።

አንደኛው ምክንያት ዘር ነው። ከወላጅ የተወረሰ ጉድለት ጫጩቱ በተፈለፈለበት ዕለት ላይታይ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተገልጦ ከዕድገቱ ጋር እየባሰ ይሄዳል። ስለዚህ ሻጩ እያወቀ ደብቋል ብሎ ወዲያው መደምደም አይገባም።

ሁለተኛው የእናቲቱ ምግብ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1937 ዓ.ም. በአሜሪካ በኬንታኪ የተደረገው ምርመራ እንዳስረዳው፣ ማንጋኒዝ የሚባለው ማዕድን ያነሣት ዶሮ ከምትጥለው እንቁላል ውስጥ ያለው ሽል እግሩ አጥሮ፣ ምንቃሩም እንደ በቀቀን ቆልመም ብሎ ይገኛል። የባዮቲን ቪታሚን ማነስም ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል። በቆሎ በማንጋኒዝ ድኻ ሲሆን የስንዴ ፉርሽካ ግን ባለጸጋ ነው፤ በመሆኑም እንቁላል ጣይ ዶሮን በበቆሎ ብቻ መመገብ ጉዳት አለው። የማዕድን መብዛትም ቢሆን ያው ነው፤ በ1930ዎቹ በሳውዝ ዳኮታ ሴሌኒየም የበዛበት እኽል ከበሉ ዶሮዎች እንቁላል ምንቃራቸው የተበላሸ ሽሎች ተገኝተዋል።

ሦስተኛው የመፈልፈያው መሣሪያ አያያዝ ነው። የዶሮ እንቁላል የሚፈለፈለው በ21 ቀን ሲሆን፣ አየሩ በሚዘዋወርበት መሣሪያ ውስጥ ተስማሚው ሙቀት 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ወይም እንቁላሉ በየጊዜው ሳይገላበጥ ሲቀር የሽሉ አካል በትክክል አይሠራም።

አራተኛው ከተፈለፈለ በኋላ የሚደርስ ጉዳት ነው። ፀሐይ የማያገኝና ካልሲየም ያነሰው ጫጩት አጥንቱና ምንቃሩ ለስልሶ ይታጠፋል። እጅግ የላመ ዱቄትም በምንቃር ውስጥ ተጣብቆ ያቆስላል። እንዲሁም ምንቃር ሁልጊዜ የሚያድግ በመሆኑ የሚሞርደው ጠጠርና ጠንካራ መሬት ካላገኘ ከልክ በላይ ይረዝማል። ያለ ጥንቃቄ የተቆረጠ ምንቃርም ተጣሞ ሊያድግ ይችላል።

እነዚህን ለመለየት የተጠቁትን መቁጠር ይረዳል። ጉዳቱ በአንድ ወላጅ ልጆች ላይ ከተደጋገመ ዘር፣ የመንጋው ብዙ ክፍል አጥንቱ ከለሰለሰ መኖ፣ በአንዱ ብቻ ከታየ ደግሞ አደጋ ሊሆን እንደሚችል መገመት ይቻላል። የመጨረሻው ፍርድ ግን የእንስሳት ሐኪም ነው።

ምንቃሩ የተላለፈ ዶሮ በጎድጓዳ ዕቃ እርጥብ መኖ ቢቀርብለትና የረዘመው ጫፍ በሞረድ ቢስተካከል ሊያድግ ይችላል፤ ለዘር ግን መቅረት የለበትም። ሻጩም የተፈለፈሉበትን ቀንና የወላጆቹን መንጋ በደረሰኙ ላይ ቢጽፍ፣ ገዢውም የሚሰጠውን መኖ ቢመዘግብ፣ ክርክሩ በማስረጃ ይፈታል፤ በንግዱም መተማመን ይጸናል።